ግድግዳዎን ሐረግ ለማልበስ

ከተሞቻችን በብሎኬት አጥር እየተሞሉ በሄዱ ቁጥር ያንን ግራጫ ገጽ በአረንጓዴ የመሸፈን ፍላጎትም አብሮ ጨምሯል። ክረምት ሲገባ ብዙ ሰው ከችግኝ ጣቢያ አንድ ሁለት ሐረግ ገዝቶ አጥሩ ሥር ይተክላል። ለጥቂቱ ይሳካለታል። የብዙው ግን ወይ ጥር ሳይደርስ ይደርቃል፣ ወይ ቅጠል ብቻ ሆኖ አበባ ይነፍጋል፣ ወይ ደግሞ ከልክ በላይ ይመቸውና አሸንዳ ይዘጋል፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ያነሳል። የሦስቱም መነሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ሐረጉ የተመረጠው በአበባው ማማር እንጂ በግድግዳው ጠባይ አይደለም። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከግድግዳው ነው። የተጻፈው በተለይ ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋና ወይና ደጋ ከተሞች ሲሆን፣ እንደ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ባሉ ሞቃት ከተሞች የሚለይ ነገር ሲኖር በቦታው ተጠቅሷል።

1. ግድግዳውን ይመርምሩ

ቁልፍ ወይም ሳንቲም ይያዙና ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ መታ መታ ያድርጉት። ልስኑ ከብሎኬቱ ጋር በደንብ ከተያያዘ ድምፁ ድፍን ነው። ከለቀቀ ግን ውስጡ ባዶ እንደሆነ ያስተጋባል። ያስተጋባበትን ቦታ በጠመኔ ያክብቡት። ቀጥለው ስንጥቅ ይፈልጉ፤ የጥፍርዎ ጫፍ በሚገባበት ስንጥቅ የሐረግ ሥርም ይገባል።

ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ሐረጎች ቤት ያፈርሳሉ የሚለው ወሬ በግማሹ እውነት ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ታሪካዊ ግንቦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ አይቪ የለበሰ ግድግዳ ካልለበሰው ይልቅ የሙቀትና የእርጥበት መዋዠቅ እንደሚቀንስለት አይተዋል። አይቪ ጤነኛ ግድግዳን አይበሳም። አደጋው ቀድሞ የተሰነጠቀው ግድግዳ ላይ ነው፤ ቀጭኑ ሥር ስንጥቁ ውስጥ አፈርና እርጥበት ካገኘ ይወፍራል፣ ሲወፍር ይፈለቅቃል። ስለዚህ የለቀቀውን ልስን አራግፈው ያስለስኑ፣ ስንጥቁን በስሚንቶ ያስደፍኑ፣ ከዚያም ቢያንስ አራት ሳምንት ይተዉት። ትኩስ ስሚንቶ ለጋ ሥር ያቃጥላል።

ያልተለሰነ ብሎኬት ገጹ ሻካራ ስለሆነ ለተለጣፊ ሐረግ እጅግ ይመቻል። የድንጋይ ግንብም እንዲሁ ነው፤ የሚታየው በድንጋዮቹ መካከል ያለው ስሚንቶ አለመርገፉ ብቻ ነው። ቀለም የተቀባ ልስን ላይ ግን ተለጣፊ ሐረግ አልመክርም። ቀለሙ ሲላጥ ሐረጉ አብሮ ይወድቃል፤ ቀለሙ ቢጸና ደግሞ ሥሮቹ የሚተዉት ቡናማ ፈለግ በቀላሉ አይጠፋም። እዚያ ሽቦ ይዘርጉ።

የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳው ላይ ምንም አያስይዙ። ሐረጉ እርጥበት ይዞ ጭቃውን ያላላል፣ ከሥሩ የሚያጠጡት ውሃ ማገሩንና ቋሚውን ያበሰብሳል፣ ለምስጥም መንገድ ይከፍታል። ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ ራሱን ችሎ የሚቆም መወጣጫ ያቁሙ። የቆርቆሮ አጥር ደግሞ በጋ ቀትር ላይ ይግልና የነካውን ለጋ ቅጠል ይለበልባል። እዚያም መወጣጫው ከቆርቆሮው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት።

አጥሩ ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ ከመትከልዎ በፊት ያነጋግሩ። ሐረግ ድንበር አያውቅም። ክረምት በመጣ ቁጥር በማዶ በኩል የሚወርደውን የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነው።

2. ፀሐይ ግድግዳው ላይ የምታርፍበትን ወር ይወቁ

ብዙ የውጭ አገር የአትክልት መጻሕፍት ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ሞቃት፣ ወደ ሰሜን የሚያይ ግድግዳ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው ብለው ያስተምራሉ። ይህ ለለንደን ልክ ነው፤ ለእኛ ግን ግማሹን ብቻ ይነግረናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል ታልፋለች።

ከዚህ የሚመጣው ነገር ለተክል መረጣ ትልቅ ትርጉም አለው። ወደ ሰሜን የሚያይ ግድግዳ ፀሐይ የሚያገኝበት ጊዜ አብዛኛው ሰማዩ በደመና የሚሸፈንበት ክረምት ስለሆነ በጋውን በሙሉ በጥላ ያሳልፋል። ወደ ደቡብ የሚያየው ግን ከመስከረም እስከ መጋቢት ዝናብ በሚያንስበት ጊዜ በቀጥታ ይጠበሳል። ወደ ምሥራቅ የሚያየው የጠዋት ፀሐይ ብቻ ስለሚያገኝ ለአብዛኞቹ ሐረጎች ተስማሚ ነው። ወደ ምዕራብ የሚያየው የከሰዓት ሙቀት ጠጥቶ ማታ ይለቃል። ይህ ለስስ ቅጠል መጥፎ ቢሆንም፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለሚፈሩ ተክሎች ግን መጠጊያ ይሆናል።

የሰፈርዎን ሁኔታ ለማወቅ አንድ ደመና የሌለበት ቀን ይምረጡና በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት ግድግዳውን ይመልከቱ። የጎረቤት ፎቅ፣ የባሕር ዛፍ ወይም የውሃ ሮቶ ጥላ ከኮምፓሱ በላይ ሊወስን ይችላል።

3. ሐረጉን በአወጣጡ ይምረጡ

ሐረጎች ወደ ላይ የሚወጡበት መንገድ አንድ አይደለም። የትኛው መወጣጫ እንደሚያስፈልግ የሚወስነውም ይህ ነው። አንዳንዱ ከግንዱ በሚያወጣው ሥር ይለጠፋል፣ አንዳንዱ ይጠመጠማል፣ አንዳንዱ ቀጭን ጠምዛዛ ክር አውጥቶ ይጨብጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ በእሾሁ ተደግፎ ከመንጠላጠል ሌላ ራሱን የሚይዝበት ነገር የለውም።

አይቪ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው። አንድ ለጋ ቅርንጫፍ ገልብጠው ቢያዩ በግድግዳው በኩል ያለው ጎኑ በደቃቅ ቡናማ ሥሮች ተሞልቷል። ጥላና ቀዝቀዝ ያለ አየር ስለሚወድ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ግድግዳ ይምረጡት። ወደ ደቡብ በሚያይ ግድግዳ ላይ ከተከሉት በጋ ላይ ቀይ ሸረሪት ይወረውና ቅጠሉ አቧራ የተነሰነሰበት መስሎ ይገረጣል። አይቪ የመጀመሪያውን ዓመት ከመሬት በታች ስለሚሠራ ከላይ የቆመ ይመስላል፤ አይንቀሉት። ፍሬውና ቅጠሉ መርዛማ ነው፣ ፈሳሹም የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካል። ሕፃናት የሚጫወቱበት ቦታ ላይ አይትከሉት፣ ሲቆርጡትም ጓንት ያድርጉ። አገር በቀል አለመሆኑንም ያስታውሱ። በአሜሪካ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግዛቶች ከግቢ አምልጦ ዛፍ የሚያንቅ ወራሪ ሆኗል። የቆረጡትን ወንዝ ዳር ወይም ጫካ ውስጥ አይጣሉ፤ አንዲት አንጓ መሬት ከነካች ሥር ታወጣለች።

ከግድግዳ የሚለጠፈው ባለ ትንንሽ ቅጠል ፊከስ ከአይቪ የበለጠ ፀሐይ ይችላል። ብሎኬትን በጥብቅ የሚያለብሰው እሱ ነው። ነገር ግን ሲያረጅ ከግድግዳው ርቀው የሚቆሙ ወፍራም ቅርንጫፎችና ሰፋፊ ቅጠሎች ያወጣል። እነሱን በየዓመቱ ለመቁረጥ ካልተዘጋጁ ገና ከጅምሩ አይትከሉት።

ቡገንቪሊያ የፀሐይ ልጅ ነው። ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚያይ፣ በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ይስጡት። በድሬዳዋና በሐዋሳ ሙቀት እንዲያ የሚንቦገቦገው ለዚህ ነው፤ በአዲስ አበባ ጥላ ውስጥ ከተተከለ ግን እሾህና ቅጠል ብቻ ይሆናል። አይጠመጠምም፣ አይለጠፍምም፤ ማሰር የእርስዎ ሥራ ነው። የእግረኛ መንገድና የመኪና መግቢያ ዳር ሲተክሉ እሾሁን ያስቡ።

ጠምበለል የሚባለው የአገራችን ጃስሚን እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ነው፤ በየችግኝ ጣቢያው ለምን እንደማይበዛም ያሳዝነኛል። ደገኛ ነው፤ ቅጠሉ በሦስት የተከፈለና የሚያብለጨልጭ፣ አበባው ነጭ ሆኖ ጀርባው ሐምራዊ የነካው፣ ሽታውም ደጅ ከመድረስ በፊት የሚቀበል ነው። ስለሚጠመጠም የቆመ ሽቦ ወይም ገመድ ይፈልጋል። ግማሽ ጥላ ይበቃዋል። መኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ለመትከል ይህንን የሚያህል የለም፤ ጠንካራ ሽታ የሚያሳምመው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን ራቅ ያድርጉት።

የአዞ ሐረግም የአገር ተክል ነው። ነጣ ያለ አበባው ካለፈ በኋላ የሚመጣው ላባ መሳይ ዘር ከአበባው አያንስም። በቅጠሉ እግር ስለሚጨብጥ ቀጭን ሽቦ ያስፈልገዋል። ፈሳሹ ቆዳ የሚያቆስል ስለሆነና ክብደቱም ብዙ ስለሆነ ለቤት ግድግዳ ሳይሆን ራቅ ላለ ረጅም አጥር ይመረጣል።

ፍሬ የሚፈልግ ፓሽን ፍሩት ይትከል። በጠምዛዛ ክሩ ሽቦ ይጨብጣል፣ በፍጥነት ይሸፍናል፣ ሐምራዊው ዓይነት ቀዝቀዝ ላለ አገር የተሻለ ነው። ውርጭ ስለሚፈራ ምዕራብን ወይም ደቡብን የሚያይ ግድግዳ ያስጠጉት። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፍሬው ስለሚቀንስ በሌላ መተካቱን ከወዲሁ ያስቡ።

ችግኝ ሲገዙ ረጅሙን አይምረጡ። ከሥሩ ሦስት አራት ቅርንጫፍ ያወጣውን አጭር ይውሰዱ፤ ግድግዳ የሚለብሰው ከታች ነው። ላስቲኩን ከመሬት ብድግ አድርገው ይዩት። ሥሩ ላስቲኩን በስቶ የችግኝ ጣቢያውን መሬት ከያዘ ሲነሳ ይበጠሳል፤ ሌላ ይጠይቁ።

4. መወጣጫውን ከችግኙ በፊት ይሥሩ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች ከዓመት በኋላ በእሾህ መካከል እጃቸውን አስገብተው ግድግዳ ሲበሱ ይገኛሉ። ለአይቪና ለፊከስ መወጣጫ አያስፈልግም። ለሌሎቹ ግን የሚያስፈልጉት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ሽቦ፣ ሽቦውን ከግድግዳው የሚያርቁ ባለ ቀለበት ብሎኖች፣ ፊሸር፣ ድሪልና ፒንሳ ናቸው። ፌሮ ለማሰር የሚያገለግለው ጥቁር ሽቦ ርካሽ ቢሆንም በሁለት ክረምት ይዝጋል፣ ዝገቱም ልስኑ ላይ ይወርዳል። በሱ አይሞክሩ።

ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ መሀሉን ከበሱት ፊሸሩ የሚይዘው ነገር የለም። ኮለኑን፣ የላይኛውን ቢም ወይም በብሎኬቶቹ መካከል ያለውን የስሚንቶ መጋጠሚያ ይብሱ። የለበሰ ቡገንቪሊያ ከክረምት ዝናብ በኋላ ውሃ ሲሸከም በጣም ይከብዳል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ያልጠና ብሎን ከነልስኑ ነቅሎ ይወርዳል።

የመጀመሪያውን ሽቦ ከመሬት 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው አግድም ይዘርጉ፤ ሌሎቹን በዚያው ርቀት ወደ ላይ ይቀጥሉ። ለሚጠመጠሙት ከላይ ወደ ታች የቆሙ ሽቦዎችም ይጨምሩ። ሽቦው ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ያ ክፍተት ሐረጉ የሚጠመጠምበት ብቻ ሳይሆን አየር የሚተላለፍበትና ግድግዳው ከዝናብ በኋላ የሚደርቅበት ነው።

ሽቦ የማይያዝበት የጭቃ ወይም የቆርቆሮ ግድግዳ ከሆነ የባሕር ዛፍ አጣና ያቁሙ። ብዙ ሰው አጣናውን ከምስጥ ለማዳን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባዋል፤ ዘይቱ ግን ወደ አፈር ወርዶ የሐረጉን ሥር ይጎዳል። ይልቁንስ የአጣናውን እግር ከመሬት በላይ ከፍ በሚል የስሚንቶ መሠረት ላይ፣ በተቀበረ አጭር ብረት ያሳስሩት። አቅም ካለዎት አንቲረስት የተቀባ ብረት ይሻላል።

የመብራት ገመድ፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ፣ አሸንዳና መስኮት ያሉበትን ቦታ ሽቦ ሳይዘረጉበት ይለፉት። ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ ቅጠል እየገለጠ መፈለግ የለበትም።

5. ጉድጓዱን ከግድግዳው ያርቁ

ግድግዳ ሥር ያለ አፈር በግቢው ውስጥ ካለው ሁሉ ደረቁና ክፉው ነው። የጣሪያው ጫፍ ዝናቡን ይከለክለዋል፣ መሠረቱ እርጥበቱን ይመጠዋል፣ ቤቱ ሲሠራ የተጣለው የስሚንቶና የኖራ ፍርስራሽም እዚያው ተቀብሯል። ከግድግዳው ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ርቀው ይቆፍሩ፤ የጣሪያው ጫፍ ወደ ውጭ ከወጣ ደግሞ የዝናቡ ጠብታ ከሚያርፍበት መስመር ውጭ ያድርጉት። አፈርዎ ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር መረሬ ከሆነ ርቀቱን ወደ 60 ከፍ ያድርጉ። መሠረት አጠገብ በየጊዜው የሚፈስ ውሃ ይህን አፈር እያሳበጠ አጥር ያዘማል።

ጉድጓዱ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ጥልቀት ይኑረው። ሲቆፍሩ የላዩን ጥቁር አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን በሌላ በኩል ያስቀምጡ። የወጣውን የብሎኬት ስብርባሪ፣ የልስን ፍርፋሪና ላስቲክ ከግቢው ያስወጡ፤ ኖራና ስሚንቶ የበዛበት አፈር ላይ ያለ ሐረግ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል፣ ቢያጠጡትም አይድንም።

ከመሙላትዎ በፊት አንድ ጀሪካን ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ያፍስሱ። በማግስቱ ውሃው እንደቆመ ካገኙት ሥሩ ክረምት ላይ ይታፈናል። እንዲህ ባለ ቦታ ጉድጓዱን ሞልተው ከመሬት 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ ሠርተው ጉብታው ላይ ይትከሉ። ለመሙያ ሦስት እጅ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ይቀላቅሉ፤ ለመረሬ አፈር አንድ እጅ ደቃቅ ሬድ አሽ ይጨምሩበት። ፍጉ ሲያሸቱት የከብት በረት የሚሸት ከሆነ ገና አልበሰለም፣ ሥር ያቃጥላል። ለቡገንቪሊያ ፍጉን በግማሽ ይቀንሱ፤ የጠገበ ቡገንቪሊያ አያብብም።

6. መትከያ ጊዜና አተካከል

ዝናቡ ከረጋ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይትከሉ። በበልግ ዝናብ ተታልለው መጋቢት ላይ የተከሉት ግንቦት ላይ ውሃ ያጥረዋል፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተከሉት ደግሞ ሥሩን ሳይዘረጋ በጋ ይገባበታል።

ላስቲኩን በምላጭ ከላይ ወደ ታች ቀደው ይላጡት፤ ችግኙን በግንዱ ይዘው አይጎትቱ። በተለይ የቡገንቪሊያ ሥር ቀጭንና ተሰባሪ ስለሆነ አፈሩ ከረገፈ ተክሉ ለወራት ያኮርፋል። እሱን ሲተክሉ የላስቲኩን ታች ቆርጠው ይጣሉና ጉድጓዱ ውስጥ ካስቀመጡት በኋላ ጎኑን ቀደው ላስቲኩን ወደ ላይ ያውጡት።

ችግኙን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርገው፣ ላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ይትከሉት። አፈሩን በእጅ ጫን ጫን ያድርጉ፣ በእግር አይርገጡ። ከተከሉ በኋላ ችግኙ ከመጣበት ቀጭን እንጨት ይፍቱትና ቅርንጫፎቹን በተናጠል በትንንሽ እንጨት ወደ መጀመሪያው ሽቦ ይምሩ። በአንድ ላይ ታስረው ከቀሩ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አይሄዱም። በሁለት ተክሎች መካከል ለአይቪ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር፣ ለጠምበለል ሁለት ሜትር፣ ለቡገንቪሊያና ለፓሽን ፍሩት ሦስት ሜትር ያህል ይተዉ። ቶሎ እንዲሸፍን ብሎ ማቀራረብ እርስ በርስ ከማነቅ በቀር ጥቅም የለውም።

7. የመጀመሪያውን በጋ ያሻግሩት

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ሐረጉ የሚተርፍበት ወይም የሚሞትበት ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚያርከፈክፉት ውሃ የላዩን አፈር ብቻ ያርሳል፣ ሥሩም ወደዚያው ወጥቶ በአንድ የፀሐይ ቀን ይደርቃል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ10 እስከ 15 ሊትር ቀስ አድርገው ያጠጡ። ጣትዎን ሁለት አንጓ ያህል አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥበት ከነካዎት ለዚያን ቀን ይተዉት።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ጥሩ መፍትሔ ነው። ታችኛውን ክፍል በጋለ ሚስማር አራት አምስት ቦታ ይብሱት፣ ከግንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀው አንገቱ ብቻ እንዲወጣ አድርገው ይቅበሩት፣ ውሃ በተገኘ ጊዜ ይሙሉት። ክዳኑን ላላ አድርገው ይግጠሙ፤ ትንኝ አይገባበትም፣ ውሃውም ቀስ ብሎ ይወርዳል። የአትክልትና የሩዝ ማጠቢያ ውሃ ይጠቅማል። በረኪና የገባበት ውሃ ግን በፍጹም አይሁን።

በግንዱ ዙሪያ ገለባ ወይም የደረቀ ሣር ያልብሱ፤ ግንዱን ግን አያስነኩት። በዓል ሲደርስ በጉን አጥሩ ሥር የማሰር ልማድ ካለዎት ቦታ ይለውጡ። የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ይግጠዋል።

8. መምራትና ማሰር

ወደ ላይ ብቻ የተተወ ሐረግ አናቱ ላይ ተከምሮ እግሩን ራቁቱን ይተዋል። ለጋ ቅርንጫፎችን ገና ሲታጠፉ እንደ ማራገቢያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘርግተው በአግድሙ ሽቦ ላይ ይሰሩ። የተጋደመ ቅርንጫፍ ከየአንጓው አዲስ ቡቃያ ያወጣል፣ አበባውም የሚመጣው በነዚያ ቡቃያዎች ላይ ነው። ለማሰሪያ የአሮጌ ጨርቅ ቅዳጅ ይጠቀሙ፤ በሽቦውና በግንዱ መካከል አንድ ጊዜ አጣምረው ላላ አድርገው ይሰሩ። ቀጭን ሲባጎና ሽቦ ግንዱ ሲወፍር ይቆርጠዋል።

አይቪ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከግድግዳ የወደቀውን ቅርንጫፍ በፕላስተርና በሚስማር መልሶ ለማጣበቅ በመሞከር ነው። አንዴ የለቀቀ ቅርንጫፍ መልሶ አይለጠፍም፤ የሚለጠፈው አዲስ የበቀለው ብቻ ነው። ከግድግዳው አጠገብ ያለው ጤነኛ አንጓ ድረስ ይቁረጡትና አዲሱን ይጠብቁ።

9. መግረዝ

ሦስተኛው ዓመት ላይ ጥያቄው እንዴት ይደግ ከሚለው ወደ እንዴት ይገታ ይለወጣል። አይቪንና ፊከስን ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ፣ እንደገናም ጥቅምት ላይ ይግረዙ። ከአሸንዳ፣ ከጣሪያ ቆርቆሮና ከመስኮት ግማሽ ሜትር ያርቋቸው። የግንቦቱን መግረዝ አይዝለሉት፤ በሐምሌ ዝናብ የተዘጋ አሸንዳ ውሃውን ወደ ኮርኒስ ይመልሰዋል። ፊከሱ ያወጣቸውን ከግድግዳ የራቁ ወፋፍራም ቅርንጫፎች እስከ ግድግዳው ድረስ ይቁረጡ።

ቡገንቪሊያን አንድ ዙር አብቦ እንደጨረሰ፣ ያበቡትን ቅርንጫፎች ሁለት ሦስት አንጓ አስቀርተው ያሳጥሩ። አዲስ ቡቃያ ላይ ስለሚያብብ አለመቁረጥ አበባውን ያርቃል። ሥር ከሰደደ በኋላ ውሃውንም ይቀንሱለት፤ ትንሽ ሲጠማ ያብባል። ጠምበለልንም ካበበ በኋላ እንጂ እንቡጥ ይዞ አይንኩት። መቀሱ የተሳለ ይሁን፤ የተጨፈለቀ ጫፍ ለበሽታ በር ነው።

ለጋው ጫፍ ላይ ክሽክሽ ካዩ በመጀመሪያ በጠንካራ ውሃ ያጥቡት፣ ካልለቀቀ በቀላል የሳሙና ውሃ ማታ ማታ ይርጩ። ቀይ ሸረሪት ሲሆን የቅጠሉን ጀርባ ጠዋት ጠዋት በውሃ ማርጠብ ተባዩ እንዳይስፋፋ ይረዳል። በክረምት ቀንድ አውጣን በእጅ መልቀም ከመርዝ ይሻላል።

10. ሐረጉን ማንሳት ሲፈልጉ

ግድግዳው የሚታደስ ወይም የሚቀባ ከሆነ ሕይወት ያለውን አይቪ አይጎትቱ፤ ልስኑን ይዞ ይመጣል። ግንዱን ከመሬት አጠገብ በመጋዝ ይቁረጡና እንደገና እንዳይገናኝ አንድ ጋት ያህሉን ከመሀል ያውጡት። ከዚያም ቅጠሉ እስኪደርቅ ጥቂት ሳምንታት ይጠብቁ። ሥሮቹ ሲሞቱ መያዛቸው ስለሚላላ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያሉ ይላጡት። ግድግዳው ላይ የሚቀሩትን ደቃቅ ሥሮች ገና ሳይጠነክሩ በሽቦ ብሩሽ ያሹዋቸው። ስንጥቅ ውስጥ የገባ ወፍራም ሥር ካገኙ አይንቀሉት። ከግድግዳው እኩል ቆርጠው ይተዉት፣ ሲደርቅና ሲቀጥን ያውጡትና ቦታውን በስሚንቶ ይድፈኑ። መሬት ውስጥ የቀረው ጉቶ ለአንድ ሁለት ክረምት ማቆጥቆጡ አይቀርም፤ ቡቃያው ለጋ ሳለ በየሳምንቱ ይልቀሙት።

የቆረጡትን ሁሉ ፀሐይ ላይ አስጥተው ሙሉ በሙሉ ካደረቁ በኋላ ያስወግዱ። የቡገንቪሊያ እሾህ ደርቆም ስለሚወጋ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት።